የሚያፈስ የቤት ውሃ ቧንቧን ፈልጎ ማግኘትና መጠገን

«ቧንቧው ያንጠባጥባል፤ በምን ልለጥፈው?» የሚለው ጥያቄ ደጋግሞ ስለሚመጣ መልሱን አንድ ቦታ ሰብሰብ አድርገን ጽፈነዋል። ከማጣበቂያው በፊት ሁለት ነገር መታወቅ አለበት፦ ውሃው የሚወጣው በትክክል ከየት ነው? ቧንቧውስ ከምን የተሠራ ነው? ለብረት ቧንቧ የሚሆን ማጣበቂያ ፒፒአር ላይ አይይዝም፤ የፒቪሲ ሙጫም ጥቁሩን የኤችዲፒኢ ቱቦ አያጣብቅም (ሦስቱም የፕላስቲክ ቧንቧ ዓይነቶች ናቸው፤ መለያቸው ደረጃ 6 ላይ አለ)። የሚያፈሰው መገጣጠሚያው ላይ ከሆነ ደግሞ መለጠፍ ሳይሆን ፈትቶ፣ አጽድቶ፣ እንደገና መግጠም ነው የሚያዋጣው።

መመሪያው ከቆጣሪው ቀጥሎ ላለው የቤት ውስጥ የንጹሕ ውሃ መስመር ነው። ከቆጣሪው በፊት ያለውን መስመርና ቆጣሪውን ራሱን አይንኩ፤ ለውሃ አቅራቢው ያሳውቁ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ለሁሉም ሥራ፦ ባትሪ፣ ሶፍት፣ ባልዲ፣ ጨርቅ፣ እስክሪብቶ፣ ሜትር፣ የቧንቧ መፍቻ (ለብረት ቧንቧ ሁለት)፣ ፓፓጋሎ፣ ካቻቪቴ፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ የሽቦ ብሩሽ።

ለጊዜያዊ ማቆሚያ፦ 3 ሚሊሜትር ያህል ውፍረት ያለው ጎማ (የብስክሌት ከመነዳሪ ደራርቦ መጠቀም ይቻላል)፣ ለቧንቧው ውፍረት የሚስማሙ 3 በካቻቪቴ የሚጠብቁ የብረት ማሰሪያዎች።

ለቋሚ ጥገና፦ ሴጌቶ ወይም የፕላስቲክ ቧንቧ መቁረጫ መቀስ፣ ቴፍሎን ወይም ቃጫ ከነማሸጊያ ቅባቱ፣ የሚተካ ቧንቧና መጋጠሚያ። ለፒፒአር የማቅለጫ ማሽን፣ ለፒቪሲ ማጽጃና ሙጫ ይጨመራሉ።

መጋጠሚያ ሲገዙ በግምት አይሂዱ። የግማሽ ኢንች የብረት ቧንቧ የውጭ ስፋቱ 21 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ የሦስት አራተኛ ኢንቹ ደግሞ 27 ገደማ። ፒፒአር ግን በውጭ ስፋቱ ስለሚጠራ 20፣ 25፣ 32 ይባላል። የሚቻል ከሆነ የተቆረጠውን ቁራጭ ይዘው ይሂዱ።

ማስጠንቀቂያ

ውሃው የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ፣ ሶኬት ወይም የኤሌክትሪክ ገመድ አካባቢ ደርሶ ከሆነ መጀመሪያ መብራቱን ከማከፋፈያው ይዝጉ። ማከፋፈያው ራሱ ረጥቦ ከሆነ ወይም ወደ እሱ ለመድረስ ውሃ ላይ መቆም ግድ ከሆነ አይንኩት፤ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይጥሩ።

ውሃውን ከመዝጋትዎ በፊት ቦይለሩን ከብሬከሩ ያጥፉ። ውሃ የሌለበት ቦይለር ሲበራ ማሞቂያው ይቃጠላል።

በአሮጌ ቤቶች የብረት ቧንቧ የኤሌክትሪክ ግራውንድ ማገናኛ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ሽቦ የታሰረበት ቧንቧ ካዩ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሳያየው አይቁረጡት።

ቦይለር ሥር ያለችው የደኅንነት ቫልቭ ውሃው በሚሞቅበት ሰዓት ጠብ ጠብ ብትል ሥራዋ ነው፤ ውሃ ሲሞቅ ይሰፋልና ትርፉን ታወጣለች። በምንም ነገር አይድፈኗት። መውጫዋ ከተደፈነ በቦይለሩ ውስጥ ያለው ግፊት መተንፈሻ ያጣል፤ ጋኑም ሊፈነዳ ይችላል። ባታሞቁትም ሳታቋርጥ የምታፈስ ከሆነ ወይ ቫልቯ አርጅታለች፣ ወይ የመስመሩ ግፊት በዝቷል።

አሠራር

1. በእርግጥ የሚያፈስ መሆኑን ያረጋግጡ። የቤቱን መክፈቻዎች በሙሉ ይዝጉ፤ ልብስ ማጠቢያም ሆነ ሌላ ውሃ የሚስብ ነገር እንዳይሠራ ያድርጉ። ታንከር ካለ እስኪሞላ ይጠብቁ ወይም የመግቢያ ቫልቩን ይዝጉ፤ አለዚያ ታንከሩ የሚቀዳው ውሃ ብልሽት መስሎ ያሳስትዎታል። የቆጣሪውን ቁጥር እስከ መጨረሻው አሃዝ ይጻፉና አንድ ሰዓት ይጠብቁ። ብዙ ቆጣሪዎች ላይ ያለችው ትንሽ ባለሦስት ማዕዘን ወይም ኮከብ መሰል መሽከርከሪያ በጣም ጥቂት ውሃ ሲያልፍም ትዞራለች። ከዞረች ወይም ቁጥሩ ከተለወጠ ውሃ እየሄደ ነው።

ቤቱ ውሃ የሚያገኘው ከታንከር ከሆነ ቆጣሪው ከታንከሩ በኋላ ያለውን መስመር አያሳይም። ማታ መግቢያውን ዘግተው የውሃውን ከፍታ ምልክት ያድርጉ፤ ጠዋት ይለኩ። አንድ ሜትር ስፋት ባለው ክብ ታንከር የ1 ሴንቲ ሜትር መውረድ ወደ 8 ሊትር ይጠጋል።

2. የትኛው ክፍል እንደሆነ ይለዩ። ከቆጣሪው ቀጥሎ ያለውን ዋና ቫልቭ ይዝጉ። ቫልቩ በደንብ የሚይዝ ሆኖ ቆጣሪው አሁንም ከዞረ ችግሩ በቆጣሪውና በቫልቩ መካከል ነው። ካቆመ ከቫልቩ በኋላ ነው። ከዚያ ቅርንጫፎቹን አንድ በአንድ፣ የቦይለሩን መግቢያ፣ የመጸዳጃውን፣ የወጥ ቤቱን እየዘጉ ቆጣሪውን ይመልከቱ፤ የትኛውን ሲዘጉ ነው መሽከርከሪያዋ የቆመችው? የሽንት ቤቱን ገንዳ አይርሱ። ገንዳው ውስጥ ጥቂት ቀለም ጨምረው ውሃ ሳይለቁ 20 ደቂቃ ይቆዩ። ቀለሙ መቀመጫው ውስጥ ከታየ የሚያፈሰው የገንዳው ጎሚኒ (የጎማ ማሸጊያ) ነው፤ ግድግዳ መስበር አያስፈልግም።

3. ነጥቡን ያግኙ። ለዓይን የሚታይ ቧንቧ ከሆነ ሙሉ በሙሉ በጨርቅ ያድርቁትና እያንዳንዱን መገጣጠሚያ በደረቅ ሶፍት ይጠቅልሉ። ከ15 ደቂቃ በኋላ መጀመሪያ የረጠበው ሶፍት ቦታውን ይነግርዎታል። ከላይ የወጣ ውሃ በቧንቧው ወገብ ተንሸራቶ ዝቅተኛው ቦታ ላይ ስለሚንጠባጠብ፣ ጠብታው የሚወድቅበት ቦታ ብዙ ጊዜ የሚያፈሰው ቦታ አይደለም። ሶፍቱ ሁሉም ጋ እኩል ከረጠበ የቧንቧው ላብ ሊሆን ይችላል፤ ቀዝቃዛ ቧንቧ ላይ የአየሩ እርጥበት ይቋጥራልና።

በግድግዳ ወይም በወለል ውስጥ ያለውን በምልክት ይፈልጉ፦ የሚያብጥ ቀለም፣ ሲነካ ባዶ ድምፅ የሚሰጥ ልስን፣ የሙቅ ውሃ መስመር ከሆነ ሙቅ የሚል ወለል። ሌሊት ቤቱ ጸጥ ሲል የረጅም ካቻቪቴ ጫፍ ግድግዳው ወይም ቧንቧው ላይ አስደግፈው እጀታውን ጆሮዎ ላይ ያድርጉ፤ ሹሹታው የሚበረታበት ቦታ ቅርብ ነው። ሲሰብሩ ከእርጥበቱ መሃል ሳይሆን ከላይኛው ጠርዝ ይጀምሩ፤ ግድግዳ ውስጥ ውሃ ወደ ታች ነው የሚሰምጠው።

4. ውሃውን ዘግተው መስመሩን ባዶ ያድርጉ። ቫልቭ ዘግቶ ወዲያው መፍታት ስህተት ነው፤ ቧንቧው ውስጥ የቀረ ውሃና ግፊት አለ። ዝቅተኛውን መክፈቻ ለማፍሰሻ፣ ከፍተኛውን ደግሞ አየር እንዲገባ ይክፈቱ። አየር መግቢያ ከሌለው ውሃው ተንጠልጥሎ ይቀርና በጥገናው መሃል ይወርዳል። ያረጀ የጌት ቫልቭ (ብዙ ዙር ዞሮ የሚዘጋው ዓይነት) ሙሉ በሙሉ ላይዘጋ ይችላል፤ ዝቅተኛው መክፈቻ ከ10 ደቂቃ በኋላም ከፈሰሰ መጀመሪያ ቫልቩ ነው የሚቀየረው። ጉልበት ጨምረው አያጥብቁት፤ መዞሪያ ዘንጉ ይሰበራል።

5. ቋሚ ጥገናውን ዛሬ መሥራት ካልተቻለ ለጊዜው ያቁሙት። ይህ ቀጥ ያለ ቧንቧ ላይ ላለ ቀዳዳ ወይም ስንጥቅ ነው፤ የቧንቧው መታጠፊያ (ክርን) ወይም መገጣጠሚያ ላይ አይሠራም።

ሀ. ዝገቱንና ቆሻሻውን በብርጭቆ ወረቀት በቀስታ ያንሡ። ያረጀ ብረት ከተጫኑት ቀዳዳው ይሰፋል።
ለ. ጎማውን ከቀዳዳው በሁለቱም በኩል 5 ሴንቲ ሜትር እንዲያልፍ አድርገው ይቁረጡ፤ ቧንቧውን ሙሉ ዙሮ ትንሽ ይደራረብ፤ የሚደራረብበት ጠርዝ ከቀዳዳው ተቃራኒ ይሁን።
ሐ. አንዱን ማሰሪያ በቀዳዳው ላይ፣ ሁለቱን ግራና ቀኝ ያድርጉ፤ የመካከለኛውን አስቀድመው ያጥብቁ። ፕላስቲክ ቧንቧ ላይ ጎማው መጨመቅ ሲጀምር ያቁሙ፤ ከዚያ በላይ ቧንቧውን ያጎደጉደዋል።

በእጅ የሚለወስ ኢፖክሲ (ሲደርቅ የሚጠነክር ሊጥ መሰል ማጣበቂያ) ብረትና መዳብ ላይ ይሠራል። ቦታው መገርደፍና መድረቅ አለበት፤ ኢፖክሲው አንድ ወጥ ቀለም እስኪይዝ ይለወስ፤ ማሸጊያው ላይ የተጻፈው ሰዓት እስኪሞላ ውሃ አይልቀቁ። ፒፒአርና ኤችዲፒኢ ላይ ግን ገንዘብዎን አያባክኑ፤ ላያቸው ማጣበቂያ ስለማይቀበል በግፊት ይላቀቃል።

ጊዜያዊውን ግድግዳ ውስጥ ቀብረው አይልሰኑበት።

6. የቧንቧውን ዓይነት ለይተው በዚያው መንገድ ይጠግኑ። ማግኔት የሚስበው ግራጫ ብረት ጋልቫናይዝድ ነው። ወፍራም ግድግዳ ያለው አረንጓዴ፣ ነጭ ወይም ግራጫ ፕላስቲክ፣ መጋጠሚያው ጫፍ ላይ የቀለጠ ቀለበት ካለው ፒፒአር ነው። ቀጠን ያለ ደረቅ ፕላስቲክ በሙጫ የተያያዘ ከሆነ ፒቪሲ፤ በጥቅል የሚመጣ ጥቁር፣ ብዙ ጊዜ ሰማያዊ መስመር ያለው ቱቦ ደግሞ ኤችዲፒኢ ነው።

ጋልቫናይዝድ፣ ጥርሱ (እየተሽከረከረ የሚገጠመው ጠመዝማዛ መስመር) ላይ ሲያፈስ። የሚያፈሰውን ጥርስ ከነውሃው ማጥበቅ የሁሉም ሰው የመጀመሪያ ሐሳብ ነው፤ አንዳንድ ጊዜም ይቆማል። ነገር ግን የበሰበሰ ጥርስ ሲጠብቅ ይሰበራል፤ ጉልበቱም ወደ ግድግዳው ውስጥ ተላልፎ ሌላ መገጣጠሚያ ያላላል። ስለዚህ ሁልጊዜ በሁለት መፍቻ ይሥሩ፤ አንዱ ቧንቧውን ይያዝ፣ ሌላው መጋጠሚያውን ያዙር። ፈትተው አሮጌውን ቴፍሎን ወይም ቃጫ በሽቦ ብሩሽ ሙልጭ አድርገው ያጽዱ። የወንዴውን (ወደ ሌላው የሚገባውን ጫፍ) ጥርስ ወደ እርስዎ አዙረው ቴፍሎኑን በሰዓት አቅጣጫ ወጠር አድርገው ይጠቅልሉ፤ በተቃራኒው ከጠቀለሉ ሲገጥሙት ይገፈፋል። ከጫፉ አንድ ጥርስ ትተው ይጀምሩ፤ ይህ ካልሆነ ክሩ ወደ ውሃው ገብቶ የመክፈቻውን ወንፊት ይደፍናል። ለግማሽ ኢንች ቀጭኑን ቴፍሎን ከ8 እስከ 10 ዙር ይጠቅልሉ። በእጅ ገጥመው በመፍቻ ያጥብቁ። አቅጣጫ ለማስተካከል ወደ ኋላ አይመልሱት፤ ከመለሱት ቴፍሎኑ ተቀዷልና ፈትተው አዲስ ይጠቅልሉ።

የቧንቧው ወገብ ከተበላ በሁለት ጫፍ የተያዘ ቧንቧ ተሽከርክሮ አይወጣም፤ አንዱን ሲፈቱ ሌላው ይጠብቃል። በመሃሉ ቆርጠው ሁለቱን ቁራጭ ለየብቻ ይፍቱ፤ በቦታው ሁለት አጫጭር ቧንቧዎችን በዩኒየን (ቧንቧዎቹን ሳያሽከረክሩ በትልቅ ዳዶ የሚያገናኝ መጋጠሚያ) አገናኝተው ይግጠሙ። የዩኒየኑ ሁለት ፊቶች ንጹሕና ትይዩ ይሁኑ። ዩኒየኑ የሚያሽገው በፊቶቹ ወይም በጎሚኒው እንጂ በትልቁ ዳዶ ጥርስ ስላልሆነ በዚያ ጥርስ ላይ ቴፍሎን ምንም አይረዳም። ቆርጠው ሲያዩ ውስጡ በዝገት ጠብቦ ከሆነ ያንን መስመር በሙሉ ለመቀየር ይዘጋጁ፤ አንዱን ሲደፍኑ ቀጣዩ ይፈነዳል። ጋልቫናይዝድን ከመዳብ ጋር በቀጥታ አያገናኙ፤ በመካከላቸው የነሐስ ወይም ሁለቱን ብረቶች የሚለይ መጋጠሚያ ከሌለ ጋልቫናይዝዱ ቶሎ ይበላል።

ፒፒአር። የሚጠገነው በማቅለጥ ነው። ማሽኑን በ260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አዘጋጅተው የዝግጁነት መብራቱ እስኪመጣ ይጠብቁ። የተበላሸውን ቀጥ አድርገው ቆርጠው ያውጡ፤ በምትኩ የሚገባውን ቁራጭና ሁለት ሶኬት (ሁለት ቧንቧ የሚያገናኝ ቀጥ ያለ መጋጠሚያ) ያዘጋጁ። ከጫፉ የሚገባውን ጥልቀት በእስክሪብቶ ምልክት ያድርጉ።

20 ሚሊሜትር፦ ጥልቀት 14 ሚሊሜትር ገደማ፣ ማሞቅ 5 ሰከንድ፣ ማገናኘት በ4 ሰከንድ ውስጥ፣ ማቀዝቀዝ 2 ደቂቃ።
25 ሚሊሜትር፦ ጥልቀት 16 ገደማ፣ ማሞቅ 7 ሰከንድ፣ ማገናኘት በ4 ሰከንድ፣ ማቀዝቀዝ 2 ደቂቃ።
32 ሚሊሜትር፦ ጥልቀት 18 ገደማ፣ ማሞቅ 8 ሰከንድ፣ ማገናኘት በ6 ሰከንድ፣ ማቀዝቀዝ 4 ደቂቃ።

ቧንቧውንና መጋጠሚያውን እኩል ወደ ማሽኑ ያስገቡ፤ ሰከንዱ የሚቆጠረው ሁለቱም ሙሉ ጥልቀታቸው ድረስ ከገቡ በኋላ ነው። አውጥተው ሳያጠማዝዙ ቀጥ አድርገው እስከ ምልክቱ ይግፉ። ብዙ ካሞቁ ወይም አልፈው ከገፉ የቀለጠው ፕላስቲክ ወደ ውስጥ ገብቶ መንገዱን ያጠባል፤ ውሃው ይዳከማል፤ የተዳከመበት ምክንያት ግን ከውጭ አይታይም።

ዋናው ፈተና ጠብታ ነው። ጫፉ ላይ ውሃ ካለ ሙቀቱ ወደ እንፋሎት ስለሚሄድ ፕላስቲኩ አይዋሐድም፤ ቀለበቱ ያማረ ቢመስልም በሳምንት ውስጥ ያፈሳል። ውሃው እስኪቆም ይጠብቁ፤ በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉ።

ሁለተኛው ሶኬት ሲገጠም ቧንቧው ወደ ጎን ተለጥጦ መመለስ አለበት። ስለዚህ ግድግዳውን በየጎኑ 30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ይክፈቱ። ያ ካልተቻለ ቧንቧው ላይ ተንሸራቶ የሚገጠም የኤሌክትሪክ ማቅለጫ ሶኬት ይጠቀሙ።

የብረት ጥርስ ያለው የፒፒአር ሴቴ መጋጠሚያ ውስጥ ከመጠን ያለፈ ቴፍሎን ጠቅልሎ በጉልበት ማጥበቅ ፕላስቲኩን ይሰነጥቀዋል። የሚሰነጠቀው ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን ሳይሆን ከሳምንታት በኋላ ስለሆነ ሰዎች ከሥራቸው ጋር አያይዙትም።

ፒቪሲ። ቀጥ አድርገው ቆርጠው የጫፉን ጭረት ያንሡ። በማጽጃ ጠርገው ለቧንቧውም ለመጋጠሚያውም ሙጫ ይቀቡ፤ ሩብ ዙር እያዞሩ እስከ መጨረሻ ያስገቡና 30 ሰከንድ ይያዙት፤ ሳይያዝ ቢቀር ወደ ኋላ ይገፋል። ሙሉ ግፊት ከመልቀቅዎ በፊት 24 ሰዓት መጠበቅ ይመረጣል፤ የሚያስቸኩል ነገር ካለ ቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን ሰዓት ይከተሉ። የሙጫው ትነት ይቀጣጠላል፤ መስኮት ይክፈቱ፤ እሳት አያቅርቡ። ተራ ፒቪሲ ለሙቅ ውሃ አይሆንም።

ኤችዲፒኢ። በዳዶ የሚጠብቅ መጋጠሚያ ይጠቀሙ። ቀጥ አድርገው ቆርጠው ጠርዙን ያሹሉ፤ የሚገባውን ጥልቀት ምልክት ያድርጉ። ዳዶውን አላልተው ቱቦውን የጎማ ቀለበቱን አልፎ እስኪቆም ይግፉ። የሚያፈሰው ቱቦው ቀለበቱ ጋ ሳይደርስ ሲቀር ነው። ለማሟለጥ የሳሙና ውሃ ይጠቀሙ፤ የሞተር ዘይትና ግሪስ ጎማውን ያበላሻሉ።

ከመታጠቢያና ከገንዳ ሥር ያለው ተጣጣፊ ቱቦ። አይለጠፍም፤ ይቀየራል። ጫፉ ላይ ጎሚኒ ስላለው ቴፍሎን አይፈልግም። በእጅ ከጠበቀ በኋላ በመፍቻ ሩብ ዙር ይበቃዋል፤ ከዚያ በላይ ጎሚኒው ይቆረጣል።

7. ውሃውን ቀስ ብለው ይልቀቁ። ፒፒአር ከሆነ ከመጨረሻው ማቅለጥ በኋላ አንድ ሰዓት ይቆዩ። የመክፈቻዎቹን ወንፊት አውጥተው ከፍተኛውን መክፈቻ ይክፈቱ፤ ዋናውን ቫልቭ ሩብ ያህል ብቻ ይክፈቱ። በአንድ ጊዜ ከለቀቁት የታመቀው አየርና የውሃው ምት አዲሱን መገጣጠሚያ ይመታዋል። አየሩ ወጥቶ ውሃው ሳይቆራረጥ ሲፈስ መክፈቻውን ይዝጉና ቫልቩን እስከ መጨረሻ ይክፈቱ። ከዚያ መክፈቻዎቹን ከፍተው ቢያንስ ለ5 ደቂቃ ያፍስሱ፤ ቧንቧ ሲከፈት አፈርና ዝገት ይገባል፤ እስኪጠራ አይጠጡት። ቦይለሩን የሚያበሩት ከሙቅ መክፈቻው ውሃ ያለማቋረጥ ሲወርድ ነው።

8. ግድግዳውን ከመድፈንዎ በፊት ይፈትሹ። ደረቅ ሶፍት ጠቅልለው ከ15 ደቂቃ፣ ከአንድ ሰዓትና ከ24 ሰዓት በኋላ ይመልከቱ፤ የደረጃ 1ን የቆጣሪ ፍተሻም ይድገሙ። ዩኒየንና በዳዶ የሚጠብቅ መጋጠሚያ ከልስን በታች አይቀበርም፤ መክፈቻ በር ይተውለት።

ደጋግመው የሚታዩ ስህተቶች

ጠብታውን «ትንሽ ነው» ብሎ መተው። ሥሩ ኩባያ አድርገው ለ10 ደቂቃ ያጠራቅሙና በ144 ያባዙት። 100 ሚሊ ሊትር ከሆነ በቀን 14.4 ሊትር ማለት ነው።

ሲሊኮን መቀባት። ሲሊኮን የመታጠቢያ ጠርዝ ማሸጊያ ነው፤ ግፊት ያለበት ቧንቧ ላይ ይገፈፋል። ሲሚንቶ መለሰንም እንዲሁ፤ ውሃው በጎን ሌላ መውጫ ይፈልጋል።

ውሃው በፈረቃ ስለሚመጣ «በሌለ ጊዜ አያፈስም» ብሎ መዘናጋት። ግፊቱ ሲጠፋ መስመሩ ሊስብ ይችላል፤ በዚያው ቀዳዳ በዙሪያው ያለው ቆሻሻ ውሃ ይገባል። መሬት ውስጥ በፍሳሽ ማስወገጃ አጠገብ የሚያልፍ ቧንቧ ካፈሰ ጥገናው ለነገ አይባልም፤ እስኪጠገንም ለመጠጥ የሚሆነውን ያፍሉ።

በአንድ ቤት የተለያየ ቦታ ተራ በተራ የሚያፈስ ከሆነ

መገጣጠሚያዎቹን ትተው ግፊቱን ይለኩ። መክፈቻ ላይ የሚገጠም መለኪያ ሌሊት፣ ማንም በማይጠቀምበት ሰዓት፣ ከ5 ባር በላይ ካሳየ ከዋናው ቫልቭ ቀጥሎ የግፊት መቀነሻ ያስገጥሙ። ከታንከር በቁመት ብቻ የሚወርድ ውሃ እዚህ አይደርስም፤ 10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ገደማ ብቻ ነው የሚሰጠው። እንዲህ ባለው ቤት ፓምፕ ካለ የፓምፑን ማቆሚያ ግፊት ይመልከቱ። መክፈቻ ሲዘጋ ቧንቧው «ዷ» የሚል ከሆነ የውሃ ምት ነው፤ የላሉ ቧንቧዎችን በማቀፊያ ግድግዳው ላይ ያስሩ። ድምፁ ከቀጠለ ቶሎ ከሚዘጋው ዕቃ፣ ለምሳሌ ከልብስ ማጠቢያው መግቢያ አጠገብ፣ የምት ማብረጃ ያስገጥሙ።